አገር እንዴት ይከፋፈላል? ስለ አካባቢ አስተዳደር እርከኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክልል፣ ካንቶን፣ ካውንቲ፣ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ኮሚዩን፣ ቀበሌ፦ ስሙ ብዙ ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ስሙ ነው። እዚህ የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከስሙ ጀርባ ስላለው ሥልጣን፣ ገንዘብና ወሰን ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

አገር ለምን ይከፋፈላል? ሁሉንም ከዋና ከተማው ማስተዳደር አይቻልም?

መነሻው ርቀት ነው። መሬት የሚያስመዘግብ፣ ግብር የሚከፍል ወይም የልደት ወረቀት የሚያወጣ ሰው ሄዶ ጉዳዩን ጨርሶ ቤቱ መመለስ አለበት። ፈረንሳይ በ1790 የቀድሞ ግዛቶቿን አፍርሳ 83 ዴፓርትማዎችን ስትመሠርት መጠናቸውን የለካችው በዚሁ ነበር፤ ነዋሪው በፈረስ ተነስቶ በአንድ ቀን ከዴፓርትማው ዋና ከተማ እንዲደርስ ታስቦ ነው። ዛሬ ብዙው ወረቀት በስልክ ያልቃል። የተደፈነ የጎርፍ መውረጃ የሚከፍት ሰው ግን አሁንም አጠገብ መኖር አለበት።

ሌላው ምክንያት ውሳኔ ነው። የትኛው መንገድ ይቅደም የሚለውን መንገዱን ረግጦ በማያውቅ ሰው ማስወሰን ዋጋ ያስከፍላል። በ1985 የወጣው የአውሮፓ የአካባቢ ራስ አስተዳደር ቻርተር ሐሳቡን በሕግ ቋንቋ አስፍሮታል፤ የሕዝብ ሥራ በመርህ ደረጃ ለዜጋው በጣም ቅርብ በሆነው አካል ይሠራ፣ ወደ ላይ የሚወጣውም የሥራው ስፋትና ጠባይ ወይም ቅልጥፍናና ቁጠባ ሲያስገድድ ነው ይላል።

ይሁንና ግብር ለመሰብሰብና ጸጥታ ለማስከበር ብቻ የተከፋፈለ አገርም ሞልቷል። ካርታቸው ሲታይ ከሌላው አይለይም። ልዩነቱን ለማወቅ አራተኛውን ጥያቄ ያንብቡ።

ስንት እርከን ቢኖር ነው ትክክል?

የተወሰነ ቁጥር የለም። ሲንጋፖር የተመረጠ የአካባቢ ምክር ቤት ጨርሶ የላትም፤ በ5 የማኅበረሰብ ልማት ወረዳዎች ብትከፈልም የወረዳዎቹ ከንቲባዎች ይሾማሉ እንጂ በዚያ ሥልጣን አይመረጡም። ጃፓን ሁለት እርከን አላት፦ 47 ፕሪፌክቸሮችና ከእነሱ በታች ከተሞችና መንደሮች። ፈረንሳይ ሬጅዮን፣ ዴፓርትማና ኮሚዩን ይዛ በሦስት ትሠራለች። ሩዋንዳ ደግሞ በ2006 ካርታዋን እንደገና ስትሠራ በ4 ክፍለ አገሮችና በኪጋሊ ከተማ ሥር 30 ዲስትሪክቶችን፣ 416 ሴክተሮችን፣ 2,148 ሴሎችንና 14,837 መንደሮችን አስቀምጣለች።

የእርከን መብዛት በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው እያንዳንዱ እርከን በአንድ ጉዳይ ላይ ፊርማውን ሲጠይቅ ነው። ከአምስት እርከን ሦስቱ አስተያየት ብቻ የሚሰጡ ከሆነ አንድ የውሃ ጉድጓድ የሚጸድቅበት ጊዜ በእጥፍ ይረዝማል፤ ሥራው ሲበላሽም ተጠያቂው አይገኝም። የሕንድ ሕግ አውጪዎች ይህን ያሰቡበት ይመስላል። ፓንቻያት የሚባለውን የገጠር ምክር ቤት በሦስት እርከን ያደራጀው የ1992ቱ 73ኛ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሕዝባቸው ከ2 ሚሊዮን ለማይበልጥ ግዛቶች መካከለኛውን እርከን እንዲተዉ ፈቅዷል።

ስሙ አንድ ከሆነ ሥልጣኑም አንድ ነው?

አይደለም። «ካንቶን» ጥሩ ማስረጃ ነው። በስዊዘርላንድ 26ቱ ካንቶኖች የየራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ግብር ያላቸው የፌዴሬሽኑ አባላት ናቸው። ድንበር ተሻግረው ፈረንሳይ ሲገቡ ካንቶን የዴፓርትማ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡበት ክልል ብቻ ይሆናል፤ አስተዳዳሪም በጀትም የለውም። ሉክሰምበርግም 12 ካንቶኖች አሏት፤ የካንቶን መንግሥት ግን የላትም።

«ካውንቲ»ም እንዲሁ ነው። የኬንያ 47 ካውንቲዎች የተመረጠ ገዥና ምክር ቤት አላቸው። በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት ደግሞ የካውንቲ መንግሥታት በ1960 ፈርሰው ስማቸውና መስመራቸው ብቻ ካርታ ላይ ቀረ። በዚያው አገር ሉዊዚያና ካውንቲውን «ፓሪሽ»፣ አላስካ «ቦሮ» ትለዋለች፤ ስሙ ሌላ፣ ሥራው ተቀራራቢ። «ፕሪፌክቸር» በጃፓን ሕዝብ ገዥውን የሚመርጥለት አካል ሲሆን በፈረንሳይ ከመሃል የተሾመው ፕሬፌ የሚቀመጥበት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ሁለት አገር የሚያወዳድር ሰው በስም ከጀመረ ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

አንድ እርከን የራሱ መንግሥት መሆኑን ወይም የበላይ አካል ቅርንጫፍ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አራት ነገር ይጠይቁ፣ መልሱንም ከማቋቋሚያ ሕጉ ይፈልጉ።

አንደኛ፣ መሪውን ማን ያስቀምጠዋል? ከዚያ በላይ ደግሞ ማን ያነሳዋል? በምርጫ የመጣ ሊቀ መንበር ከላይ በሚጻፍ ደብዳቤ የሚነሳ ከሆነ ምርጫው ብዙ ትርጉም የለውም። ሁለተኛ፣ የራሱ ምክር ቤት የሚያጸድቀው በጀት አለው ወይስ የተመደበለትን ብቻ ያወጣል? ሦስተኛ፣ የሕግ ሰውነት አለው? ማለትም በራሱ ስም ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ንብረት ይይዛል፣ ውል ይፈርማል? አራተኛ፣ ማን ሊያፈርሰው ይችላል?

አንድ ዓይነት ስም ያላቸው አካላት በአንድ ክልል ውስጥ እንኳ የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። በኢትዮጵያ የአማራ ክልል የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ከእነሱ ጋር በአንድ እርከን የተቀመጡት ሌሎቹ ዞኖች ግን በክልሉ መንግሥት በሚመደብ አስተዳዳሪ የሚመሩ፣ ክልሉን ከወረዳው የሚያገናኙ መዋቅሮች ናቸው። ሁለቱንም ሰው «ዞን» ይላቸዋል።

ቅርንጫፍ መሆን ነውር አይደለም። በሽታ ቁጥጥርና ሕዝብ ቆጠራን የመሰለ ሥራ በአንድ የእዝ ሰንሰለት ሲመራ ይሻላል። ችግሩ ቅርንጫፉን «ራስ አስተዳደር» ብሎ ሰይሞ ተጠያቂነቱን ለነዋሪው፣ ሥልጣኑን ለማዕከሉ ማድረግ ነው።

ፌዴራልና አሃዳዊ መሆን ለታችኛው እርከን ምን ይለውጣል?

ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ። ፌዴራሊዝም የሚጠብቀው ከማዕከሉ ቀጥሎ ያለውን እርከን ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ዕጣ በክልሉ እጅ ይወድቃል። ካናዳ ፌዴራል ናት፤ ቢሆንም የኦንታሪዮ ግዛት በ2018 የምርጫ ዘመቻ እየተካሄደ ሳለ የቶሮንቶን ምክር ቤት መቀመጫ ከ47 ወደ 25 አወረደው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ግዛቱ ረታ፤ ዳኞቹ 5 ለ4 ተከፍለው ነበር። በአሃዳዊት ብሪታንያ ደግሞ ፓርላማው በ1986 የታላቋን ለንደን ምክር ቤት አፈረሰና ከተማዋ እስከ 2000 ድረስ ሁሉንም ሠፈር የሚያቅፍ የተመረጠ መንግሥት ሳይኖራት ቆየች።

ታችኛውን እርከን የሚጠብቀው በሕገ መንግሥት ስሙና መብቱ መጻፉ ነው። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 28 ለማዘጋጃ ቤቶች የአካባቢያቸውን ጉዳይ በራሳቸው ኃላፊነት የመምራት መብት ሰጥቷል። ሕንድ ደግሞ የፈረሰ የአካባቢ ምክር ቤት በ6 ወር ውስጥ ምርጫ ይደረግለት ብላ በሕገ መንግሥቷ ጽፋለች። ይህች አጭር ቀነ ገደብ ከብዙ ገጽ መርህ ትበልጣለች፤ ሳይኖራት ሲቀር «ጊዜያዊ አስተዳዳሪ» የሚባለው ሰው ለዓመታት ይቀመጣል።

ሥራው በእርከኖች መካከል እንዴት ይከፈላል?

በሁለት መንገድ፦ በዘርፍ (ትምህርት ለዚህ፣ መንገድ ለዚያ) ወይም በአንድ ዘርፍ ውስጥ በደረጃ። ሁለተኛው የተለመደ ነው። በፈረንሳይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ የኮሚዩኑ ነው፤ የመካከለኛው የዴፓርትማው፤ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃው የሬጅዮኑ። የመምህሩን ደመወዝ ግን ለሦስቱም የሚከፍለው ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ጣሪያው ሲያፈስ አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ይለያያል ማለት ነው።

ክፍፍሉ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ግንባታና ጥገና ለተለያየ እርከን ሲሰጡ ነው። ገንቢው ሪባን ይቆርጣል፤ ጠጋኙ ዕዳ ይወርሳል። የጥገና በጀት የሌለው እርከን የተረከበው የውሃ ፓምፕ ጎማው (ጋስኬቱ) ያለቀ ዕለት ይቆማል፣ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም የሚገዛበት ሒሳብ መደብ የለማ። የሥልጣን ዝርዝር የሚያረቅ ሰው ከእያንዳንዱ ሥራ ትይዩ ማን ያቅዳል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይሠራል፣ ማን ይጠግናል የሚሉ አራት ዓምዶች ቢያሰምር አብዛኛው ክፍተት ወረቀት ላይ እያለ ይታያል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከሦስት ምንጭ፦ ከራስ ግብርና አገልግሎት ክፍያ፣ ከላይኛው እርከን ጋር ከሚካፈሉት ግብር፣ ከድጎማ። የአካባቢ ግብር ሲባል በቅድሚያ ቤትና መሬት የሚጠቀሱት ስለማይሸሹ ነው፤ ግብር በዛ ብሎ ሌላ ወረዳ የሚሰደድ ሕንፃ የለም። ስዊድን ግን በገቢ ግብር ትሠራለች፤ የማዘጋጃ ቤትና የክልል ግብር ተደምሮ በአማካይ ከነዋሪው ገቢ 32 በመቶ ገደማ ነው። የጀርመን ማዘጋጃ ቤቶች ነዋሪዎቻቸው ከሚከፍሉት የገቢ ግብር 15 በመቶ ይካፈላሉ።

ድጎማው በቀመር ይሁን በድርድር የሚለው ትልቁ ጥያቄ ነው። ኬንያ የካውንቲ መንግሥታትን ስትጀምር የተጠቀመችበት የመጀመሪያው ቀመር ግልጽ ነበር፦ ለሕዝብ ብዛት 45 በመቶ፣ ለሁሉም እኩል የሚከፋፈል 25 በመቶ፣ ለድህነት 20 በመቶ፣ ለመሬት ስፋት 8 በመቶ፣ ለበጀት ሥነ ሥርዓት 2 በመቶ። ሕገ መንግሥቱም ለካውንቲዎች የሚሄደው ከአገራዊው ገቢ ከ15 በመቶ ማነስ የለበትም ይላል። ስሌቱ የሚነሳው ግን ኦዲት ተደርጎ ብሔራዊ ምክር ቤቱ ካጸደቀው የመጨረሻው ሒሳብ ነው። ኦዲቱ በዘገየ ቁጥር 15 በመቶው የሚሰላው ከአሮጌና ካነሰ ገቢ ላይ ይሆናል። የራሱን አገር ሕግ የሚያነብ ሰው መቶኛውን ብቻ ሳይሆን «ከምን ላይ?» የሚለውን ቃል ይፈልግ።

ወሰን እንዴት ይሰመራል?

ቅደም ተከተሉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ጨርሶ የማይዘለሉት ግን እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ አስማሪው ይታወቃል። ደቡብ አፍሪካ ሥራውን ለገለልተኛ የማዘጋጃ ቤት ወሰን አካላይ ቦርድ ሰጥታለች። በኬንያ የካውንቲ ወሰን እንዲቀየር ገለልተኛ ኮሚሽን ሐሳብ ማቅረብ፣ ከዚያም የብሔራዊ ምክር ቤቱ አባላት ሁለት ሦስተኛና በሴኔቱ የካውንቲ ልዑካን ሁለት ሦስተኛ መስማማት አለባቸው። ቀጥሎ መስፈርቱ ይጻፋል፦ የሕዝብ ብዛት፣ የገበያና የመንገድ ትስስር፣ ራስን የመቻል አቅም፣ ቋንቋና ማንነት። መስፈርቱ ከካርታው በፊት ካልተጻፈ ካርታውን ለመደገፍ ይጻፋል።

ከዚያ ረቂቁ ነዋሪው ዘንድ ይወርዳል። የአውሮፓው ቻርተር ነዋሪውን አስቀድሞ ሳያማክሩ ወሰን መቀየርን ይከለክላል፤ ምክንያቱን ደቡብ አፍሪካ በተግባር አይታዋለች። በ2005 የሜራፎንግ ማዘጋጃ ቤት ከጋውቴንግ ወጥቶ ወደ ኖርዝ ዌስት ክፍለ አገር ሲዛወር ኩትሶንግ በተባለችው ሠፈር ብርቱ ተቃውሞ ተነሳ፤ በ2006ቱ የአካባቢ ምርጫ አብዛኛው ነዋሪ ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ። በ2009 ሕገ መንግሥቱ ለ16ኛ ጊዜ ተሻሽሎ ሜራፎንግ ወደ ነበረችበት ተመለሰች።

የመጨረሻው ሥራ ጽሑፍ ነው፤ ክርክሩ የሚፈጠረውም እዚህ ነው። «ወሰኑ ወንዙን ይከተላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን አይበቃም። የወንዙ መካከል ነው ወይስ ዳሩ? የየትኛው ዓመት ወንዝ? በአሜሪካ ካስካስኪያ የተባለችው የኢሊኖይ መንደር በ1881 ሚሲሲፒ ወንዝ በጎርፍ መንገዱን ሲቀይር ከወንዙ ወዲያ ማዶ ቀረች። ወሰኑ በድሮው መስመር ስለጸና ዛሬም የኢሊኖይ ናት፤ በመኪና የሚገባባት ግን ከሚዙሪ በኩል ነው። መንገድን ወሰን ማድረግም ሌላ ወጥመድ አለው፦ መስመሩ በመንገዱ መሃል ካለፈ ግራውን አንዱ፣ ቀኙን ሌላው ይጠግናል፤ ወይም ማንም አይጠግነውም። መፍትሔው ወሰኑን በመንገዱ አንድ ጠርዝ ማሳለፍና መንገዱን ሙሉ በሙሉ ለአንዱ መስጠት ነው። ጽሑፉ፣ ካርታውና የመጋጠሚያ ነጥቦቹ ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸና በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍም የብዙ ዓመት ሙግት ያስቀራል።

አንድ ከተማ ከአንዱ ክልል ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ይችላል?

ሕጉ መንገድ ካስቀመጠ፣ አዎ። በጥንቃቄ ከተሠሩት አንዱ የስዊዘርላንዱ የዡራ ጉዳይ ነው። በበርን ካንቶን ውስጥ የነበሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ወረዳዎች የራሳቸውን ካንቶን ሲጠይቁ ድምፁ በአንድ ጀምበር አላለቀም። በ1974 መላው የዡራ አካባቢ ድምፅ ሰጠና አዲስ ካንቶን ይመሥረት አለ። በ1975 መጀመሪያ የተቃወሙት የደቡብ ወረዳዎች ለየብቻ ተጠይቀው ከበርን ጋር ቀሩ። በዚያው ዓመት መስከረም በአዲሱ ወሰን ዳር ያሉ ኮሚዩኖች አንድ በአንድ ተጠየቁ። ሙቲዬ የተባለችው ትንሽ ከተማ በ70 ድምፅ ልዩነት በርን ቀረች፤ ዡራም በ1979 ያለ እሷ ካንቶን ሆነ።

በ2017 ሙቲዬ እንደገና ድምፅ ስትሰጥ በ137 ድምፅ ብልጫ ወደ ዡራ መሄድ አሸነፈ፤ ነገር ግን በመራጮች መዝገብ ጭምር በታየ ጉድለት ውጤቱ ተሰረዘ። በ2021 ሲደገም ልዩነቱ ወደ 374 ሰፋ፤ ዝውውሩም ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ጸና። ከድምፁ በኋላ ያሉት ወደ አምስት የሚጠጉ ዓመታት የተወሰዱት ማንም ስለማይዘፍንላቸው ነገሮች ነው፤ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት፣ ሠራተኞች፣ የግብር መዝገብ፣ የንብረትና የዕዳ ድርሻ። ወሰን በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ፋይል ግን አይቀየርም።

አዳዲስ ክልሎችና ወረዳዎች ለምን ይበዛሉ?

አገልግሎትን ማቅረብና የማንነት ጥያቄን መመለስ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ናይጄሪያ በ1967 የነበሯት 12 ግዛቶች በ1976 ወደ 19፣ በ1987 ወደ 21፣ በ1991 ወደ 30፣ በ1996 ወደ 36 አድገዋል። ኢንዶኔዥያ ከ1998 በፊት ወደ 300 ገደማ የነበሩት ዲስትሪክቶቿና ከተሞቿ ዛሬ 514 ናቸው።

ከጥያቄው ሥር ግን ሒሳብ አለ። ከላይ ያየነውን የኬንያ ቀመር ብንወስድ በእኩል የሚከፋፈለው 25 በመቶ ለ47 ሲካፈል እያንዳንዱ 0.53 በመቶ ያገኛል። አንዱ ካውንቲ ለሁለት ቢከፈል ተካፋዩ 48 ይሆናል፤ ድርሻው 0.52 ይሆንና ሁለቱ አንድ ላይ 1.04 ይወስዳሉ። ሕዝቡ ሳይጨምር፣ መሬቱ ሳይሰፋ በዚያ መደብ ያለው ድርሻ በእጥፍ አደገ፤ የቀነሰው ከ46ቱ ነው። ኬንያ የካውንቲዎቿን ቁጥር በሕገ መንግሥት ስለቆለፈች ይህ እዚያ ምሳሌ ብቻ ነው። ቁልፍ በሌለበት አገር ግን የእኩል ድርሻው መጠን በጨመረ ቁጥር «እኛም እንለይ» የሚለው ድምፅ ይጨምራል።

ቁልፉን መዝለል የሚሞክርም አለ። የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት 774 የአካባቢ መንግሥታትን በስም ይዘረዝራል። የሌጎስ ግዛት በ2003 ከ20ዎቹ ላይ 37 ጨመረ፤ ማዕከሉ ገንዘብ ያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 ሁለቱንም ወገን ነካ፦ ፕሬዚዳንቱ ገንዘብ የመያዝ ሥልጣን የላቸውም፤ አዲሶቹም የፌዴራሉ ሕግ አውጪ እርምጃውን እስኪያሟላ ድረስ አልተሟሉም አለ። 37ቱ ዛሬም አሉ፤ የሚጠሩት ግን «የአካባቢ ምክር ቤት ልማት አካባቢ» በሚል ነው።

ማዋሃድስ ወጪ ይቀንሳል?

አንዳንዴ፣ ያውም በአስተዳደር ወጪ ላይ። ዴንማርክ በ2007 ወደ 270 የሚጠጉ ማዘጋጃ ቤቶቿን 98 አደረገች፤ መለኪያው ቢያንስ 20 ሺህ ነዋሪ ወይም ከጎረቤት ጋር የግዴታ ትብብር ነበር። ሁለት ሺህ ነዋሪ የማይሞላት የሌሶ ደሴት ግን ለብቻዋ ቀርታለች፤ ባሕር በቀመር አይሻገርም። ኤስቶኒያ በ2017 ዝቅተኛውን 5 ሺህ አድርጋ 213ቱን ወደ 79 አወረደች። ጃፓን ማባበያ መረጠች፦ ለሚዋሃዱ ማዘጋጃ ቤቶች ልዩ የብድር ሰነድ ፈቅዳ ከክፍያው 70 በመቶውን ማዕከሉ ተሸከመ። በ1999 የነበሩት 3,232 ማዘጋጃ ቤቶች በ2010 ወደ 1,727 ወረዱ። ማባበያው በብድር መልክ ስለነበር አንዳንዶች ከውህደቱ በላይ ግንባታውን ወደዱት።

አደገኛው ጊዜ ውህደቱ ከተወሰነ በኋላ እስኪጸና ያለው ነው። ነገ የጋራ የሚሆን ካዝና ያለው ምክር ቤት ዛሬ ስታዲየም ይሠራል፤ ጥቅሙ የራሱ፣ ዕዳው የሁሉም ነውና። አዋቂ ሕግ ለዚህ ወቅት ትልልቅ ውሎችንና አዲስ ብድርን በላይኛው አካል ፈቃድ ሥር ያደርጋል።

ዋና ከተሞች ለምን የተለየ አስተዳደር አላቸው?

በርሊን ከተማም ግዛትም ናት። አዲስ አበባ ራሷን ታስተዳድራለች፣ ተጠሪነቷ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። ዋሽንግተን ከንቲባና ምክር ቤት የመምረጥ መብቷን ያገኘችው በ1973 በወጣ ሕግ ነው፤ ኮንግረስ ግን የምታወጣቸውን ሕጎች መሻር ይችላል። ምክንያቱ በአጭሩ፦ ማዕከሉ በአንዱ ክልል እንግዳ ሆኖ መኖር አይፈልግም። ቶኪዮ ደግሞ የትልቅ ከተማን ሌላ ችግር ትፈታለች፤ 23ቱ ልዩ ወረዳዎች የየራሳቸውን ከንቲባ ይመርጣሉ፣ የውሃ፣ የፍሳሽና የእሳት አደጋ ሥራ ግን ለከተማዋ በሙሉ በአንድ እጅ ነው። ቧንቧ በየወረዳው ተቆርጦ አይመራምና።

የምርጫ ክልል ወይም የትምህርት ወረዳ የአስተዳደር እርከን ነው?

የምርጫ ክልል አይደለም፤ በየጊዜው የሕዝብ ቁጥርን ለማመጣጠን ይቀየራል፣ ቢሮም የለውም። የአገልግሎት ወረዳ ግን ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ያሉት ከ90 ሺህ በላይ የአካባቢ መንግሥታት አብዛኞቹ ከተማ ወይም ካውንቲ ሳይሆኑ ለአንድ ሥራ ብቻ የተቋቋሙ ናቸው፦ ለትምህርት፣ ለውሃ፣ ለእሳት አደጋ። አንድ ቤት በአራት የተለያዩ ወሰኖች ውስጥ ወድቆ ለአራት አካል ግብር ሊከፍል ይችላል። ሐዋይ በተቃራኒው መላው ግዛት አንድ የትምህርት ወረዳ ነው።

ሁለት አስተዳደሮች አንድን ቦታ «የእኔ ነው» ቢሉ ማን ይወስናል?

ከሁሉ በፊት ራሳቸው ይስማሙ ይባላል፤ ቀጣዩ በር ነው የሚለያየው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 መሠረት ክልሎቹ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስናል፤ ጉዳዩ በቀረበ በ2 ዓመት ውስጥም የመጨረሻ ውሳኔ መስጠት አለበት። በሌሎች አገሮች ይህ የፍርድ ቤት ወይም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ የትኛው አካል ልደት ይመዘግባል፣ ግብር ይቀበላል፣ ፖሊስ ይልካል የሚለው በጊዜያዊ ስምምነት በጽሑፍ ካልተያዘ ነዋሪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዱ የሰጠውን ሰነድም ሌላው አይቀበለውም።

በወረዳ ደረጃ መረጃ ስሰበስብ ቁጥሮቼ ከዓመት ዓመት አይገጥሙም። ለምን?

ምናልባት ወሰኑ ተቀይሮ ይሆናል። የሩዋንዳን የ2005 ዲስትሪክት ከ2007ቱ ጋር በስም የሚያገጥም ሰው ከ106 ዲስትሪክቶች ወደ 30 የተደረገውን ለውጥ እየደባለቀ ነው። በ2022 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የኮኔቲከትን 8 ካውንቲዎች ትቶ 9 የፕላን ክልሎችን መጠቀም ጀምሯል፤ መስመሮቹ ከድሮዎቹ ጋር አይገጥሙም።

በስም ሳይሆን በይፋዊ ኮድ ያገጥሙ፤ ስም በአጻጻፍ ይለያያል፣ ሁለት ወረዳም አንድ ስም ሊኖረው ይችላል። በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ላይ የተጠቀሙበት የወሰን ካርታ የየትኛው ቀን እንደሆነ ይጻፉ። ወረዳ ከተከፈለ የድሮውን ከአዲሶቹ ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ የ100 ሺህ ሰው ወረዳ 60 ሺህና 40 ሺህ ሆኖ ከተከፈለ የድሮውን 5 ሺህ ተማሪ 3 ሺህና 2 ሺህ አድርጎ መመደብ ይቻላል። ይህ ግምት ነውና በሌላ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ከተማው በሙሉ ወደ አንዱ ወገን ሄዶ ከሆነ ግን በሕዝብ ብዛት መመደቡ አያዋጣም፤ ተማሪዎቹ ያሉት ከተማው ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱን አዳዲስ ወረዳዎች መልሶ በመደመር በድሮው ወሰን ማወዳደር ይሻላል።